ጉዱ ካሳ ማን ነው? ደራሲን በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ ስለመፈለግ

ብራና

ባለፈው ወር ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጻሕፍት ከሚያዞር አንድ ልጅ የሐዲስ አለማየሁን ልብ ወለድ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሮጌ ቅጂ ገዛሁ። ሽፋኑ በካኪ ወረቀት ተለብጧል፤ ጀርባው በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ልጁ ዋጋውን የቀነሰልኝ «ተጽፎበታል» ብሎ ነው። እውነትም ተጽፎበታል። ከእኔ በፊት መጽሐፉን የያዘው ሰው ገጸ ባሕርያቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ በሚሉበት መስመር ጎን፣ በኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ የሰው ስም አስፍሯል። ከፊታውራሪ መሸሻ አጠገብ ሦስት ስሞች አሉ፤ ሁለቱ ግራዝማች የሚል ማዕረግ አላቸው። ከቦጋለ መብራቱ አጠገብ «የአባባ ጢሰኛ» ይላል። ከጉዱ ካሳ አጠገብ የነበረው ግን በላጲስ ጠፍቶ፣ በወረቀቱ ላይ የቀረው እርሳሱ የተጫነበት ጎድጓዳ መስመር ብቻ ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ መጽሐፉን እንደ በፊቱ ማንበብ አቃተኝ። ያ ያልታወቀ አንባቢ ገጸ ባሕርያቱን በራሱ አገር ሰዎች መካከል ሲፈልግ፣ እኔ ደግሞ ደራሲውን ራሳቸውን መፈለግ ጀመርኩ። ያገኘሁት ይህ ነው። ሐዲስ አለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አውራጃ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ፤ አባታቸው ካህን ነበሩ። የቤተ ክህነት ትምህርት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ከተማሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ገቡ። በዛብህም ከማንኩሳ ተነሥቶ፣ ቅኔ ተምሮ፣ ዲማ ደርሶ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ፊደል አስቆጥሮ፣ በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ የሚሸሽ የካህናት ትምህርት ልጅ ነው። መንገዱ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ በዛብህ ሰብለን ፍለጋ ወደ ኋላ ሲመለስ በመንገድ ላይ ወንበዴ መትቶት መሞቱ፣ ሐዲስ ግን መንገዱን እስከ ለንደንና እስከ ኒው ዮርክ መጨረሳቸው ነው።

ነገር ግን በዛብህ ዓይን አፋር ነው፤ ስለ አገር ሥርዓት ብዙ አይናገርም። የሚናገረው ሰዉ ጉዱ የሚለው ካሳ ዳምጤ ነው። ስለዚህ የእኔ ግምት ደራሲው ራሳቸውን ለሁለት ከፍለው እግራቸውን ለበዛብህ፣ አንደበታቸውን ለጉዱ ካሳ ሰጥተዋል የሚል ነው። የዚህ መድረክ አባላት ምን ትላላችሁ? በዚያ ላጲስ የጠፋው ስምስ የማን ሊሆን ይችላል?

የአብማ ልጅ

ወንድሜ ብራና፣ ጥያቄህ ከአያቴ ጋር አገናኘኝ። አያቴ በደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ደብረ ማርቆስ ቤታችን ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጠው የነገሩን ነገር በሙሉ በዛብህ ሲማር በሚታየው ክፍል ውስጥ አለ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ በአንድ እጁ የውሻ መከላከያ በትር ይዞ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት ምን እንደሆነ ቆሞ ያላየው ሰው ሊጽፈው አይችልም። አያቴ ከሁሉ በላይ የሚያስታውሱት ረኃቡን አልነበረም፤ ውሾቹን ነበር። የአንዳንዱን ቤት ውሻ እስከ ስሙ ያውቁት ነበር፤ ባለቤቱን ግን ረስተውታል። የኔታ ማታ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪው ያንን ይዞ በነጋታው ለብቻው ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፤ ከዚያ ተራውን ጠብቆ ይነግራል። የተበላሸበት ተመልሶ ወደ ቁጥቋጦው ነው። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ሰውየው እንዲያስብ ከማድረጉም በላይ ቃል እንዲመዝን ያደርገዋል፤ የደራሲው ዐረፍተ ነገር ያን ያህል የሚረዝመውና ያን ያህል የማይዛነፈውም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ በዛብህን በተመለከተ እስማማለሁ። ስለ ጉዱ ካሳ ግን የምጨምረው አለኝ። ቅኔ ቤት ውስጥ ባለሥልጣንን መንካት አዲስ ነገር አይደለም፤ የቅኔ ሊቃውንት መኳንንቱን ፊት ለፊታቸው ሲሸነቁጡ ኖረዋል፤ ግን በሰምና ወርቅ ነው። የተሰደበው ሰው ሰሙን ሰምቶ ፈገግ ይላል፣ ወርቁን የሰማው ደግሞ ማታ ቤቱ ገብቶ ይስቃል። ካሳ ዳምጤን «ጉዱ» ያሰኘው የተናገረው ነገር ብቻ አይደለም፤ ወርቁን ያለ ሰም መናገሩ ነው። የማኅበረሰባችንን አቋም በድንጋይ ላይ ድንጋይ እየተጫነ ከተሠራ ሕንፃ ጋር ሲያመሳስል፣ በጊዜው ካልታደሰ የላይኛው ከታችኛው ጋር አብሮ እንደሚፈርስ ሲያስረዳ፣ ሰሚዎቹ ነገሩን ያልተረዱት ሆነው አይደለም። እንደዚያ ተገላልጦ ሲነገር ሰምተው ስለማያውቁ ነው እንደ እብድ የቆጠሩት።

እንዲህ ያለ ሰው በየቅኔ ቤቱ አንድ አይጠፋም ነበር ይሉ ነበር አያቴ። ብዙ ተምሮ መሪጌታ ሳይሆን የሚቀር፣ ለታላላቆቹ ከመቀመጫ የማይነሣ፣ ልጆች የሚከተሉት። እንግዲህ ያ የጠፋ ስም የእንዲህ ያለ ሰው ቢሆንስ?

መቅረዝ

ሁለታችሁም የጻፋችሁት ደስ ይላል፤ እኔ ግን አልተቀበልኩትም። አንድ ደራሲ ያየውን አገር መጻፉ አንድ ነገር ነው፤ ራሱን መጻፉ ሌላ ነገር ነው።

እስቲ የደራሲውን ሕይወት በሙሉ እንየው። ጣሊያን ሲገባ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘመቱ፤ ያ ጦር በየካቲት 1928 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር ተዋግቶ ተከዜን ሲሻገር ከአውሮፕላን በሚዘንብ ቦምብና በመርዝ ጋዝ ያለቀ ጦር ነው። በኋላ በምዕራብ ሲዋጉ ቆይተው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ እጅ ሲሰጡ እሳቸውም ተማርከው ወደ ጣሊያን ደሴቶች፣ ወደ ፖንዛና ወደ ሊፓሪ ተጋዙ፤ ነጻ የወጡት የተባባሪ ኃይሎች ጦር በ1935 ዓ.ም. ገደማ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በዋሽንግተንና በኒው ዮርክ ዲፕሎማት፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ በለንደን አምባሳደር፣ የፕላን ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለድ ውስጥ የገባው የትኛው ነው? ጦርነቱ የለም፤ እስር ቤቱ የለም፤ ባሕሩ የለም፤ የውጭ አገር ከተማ የለም። አንድ ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረውን ሕይወት በሙሉ ትቶ፣ ከወጣትነቱ በፊት ወደነበረው ዓለም ተመልሶ ጻፈ።

የራሳቸውን ሕይወት መጻፍ በፈለጉ ጊዜ ደግሞ በስማቸው፣ በግልጥ፣ «ትዝታ» ብለው ጻፉት፤ 1985 ዓ.ም. ላይ፣ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ። እዚያ ውስጥ ጦርነቱም ምርኮውም አለ። ሁለቱን መጻሕፍት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ያነበበ ሰው፣ ደራሲው ልብ ወለድንና የራስን ታሪክ በሁለት ሣጥን ለይተው የሚያስቀምጡ ጥንቁቅ ሰው እንደነበሩ ይረዳል።

ስለ ጉዱ ካሳም የማይጥመኝ ይኸው ነው። ካሳ ዳምጤ ሹመት አልተቀበለም፤ እጅ አልነሣም፤ ከዘመዱ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲበላ እንኳ ለፊታውራሪ አልተመቸም። ደራሲው ግን ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዕድሜ ልካቸውን ያገለገሉ ባለሥልጣን ናቸው። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም። ሚኒስትር ሆኖ የካሳን ንግግር ያሳተመ ሰው ካሳ አይደለም፤ ካሳን ለመሆን የሚያስከፍለውን ዋጋ በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሆሄ

ከጉዳዩ ሳልወጣ አንዲት እርማት። ብራና የደራሲውን ስም በሐመሩ «ሐ» ጽፎታል። በመጻሕፍታቸው ሽፋን ላይ የታተመው በሃሌታው «ሀ» ነው፤ ደራሲው አንድ ድምፅ ያላቸው ሞክሼ ሆሄያት ይቀነሱ ከሚሉት ወገን ስለነበሩ የራሳቸውንም ስም ከዚያ ሕግ አላስወጡም። የቤተ ክህነት ተማሪ ለነበረ ሰው ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ጉዱ ካሳን በሌላ ቦታ ከምትፈልጉት እዚያች ፊደል ላይ ብትፈልጉት ሳይሻል አይቀርም።

ብራና

ሆሄ፣ እርማቱን ተቀብያለሁ፤ ከዚህ በኋላ «ሀዲስ» ብዬ እጽፋለሁ።

መቅረዝ፣ ክርክርዎ ጠንካራ ነው፤ በተለይ «ትዝታ»ን ማንሣትዎ አስደንግጦኛል፤ እኔ ያነበብኩት ቆይቼ ነውና ከልብ ወለዱ ጋር አላያያዝኩትም። ሆኖም በአንድ ነገር አልተረታሁም። ሰው በአፉ የማይናገረውን ነገር ነው ለገጸ ባሕርይ የሚሰጠው። ባለሥልጣኑ የዙፋን ችሎት ፊት ቆሞ የማይለውን ካሳ በዲማ ሜዳ ላይ ይለዋል። ደግሞም ሀዲስ በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» ብለው በራሳቸው ስም ሲጽፉ፣ ከስምንት ዓመት በፊት በካሳ አንደበት ያነሡትን የሥርዓት መታደስ ጉዳይ እንደገና ማንሣታቸው አይደለምን? ሁለቱ ሣጥኖች ያን ያህል የተራራቁ አይመስሉኝም።

ጡረተኛ

ይህን ክር ከትናንት ጀምሮ ሳነብ ሰነበትኩ፤ ዝም ብዬ ለማለፍ አልቻልኩም። «ይህ ገጸ ባሕርይ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ እናንተ በፍቅር ትጠይቁታላችሁ፤ እኔ ግን በሌላ ድምፅ ሲጠየቅ ሰምቼዋለሁ።

በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ሲወጣ በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ወጣት ሠራተኛ ነበርኩ። በዓሉ ከእናንተው ጥያቄ አንጻር ከሀዲስ ፈጽሞ የተለየ ሰው ነው፤ ጋዜጠኛ ነው፤ «መነን»ን፣ «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «አዲስ ዘመን»ን ያዘጋጀ፣ የትናንቱን ነገር ዛሬ መጻፍ የለመደ እጅ ነው ያለው። ሀዲስ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሲመለሱ በዓሉ አንድ ዓመት እንኳ አልጠበቀም። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ አማፅያን ላይ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲታወጅ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ስለነበር ለዘመቻው ወደ አሥመራ ተላከ። በመጽሐፉ ውስጥ ደግሞ ታሪኩን በአንደኛ መደብ የሚተርክልን ፀጋዬ ኃይለ ማርያም የሚባል ጋዜጠኛ አለ፤ ለዚያው ዘመቻ፣ ለዚያው ሥራ፣ ወደዚያችው ከተማ የተላከ። እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ አሥመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይን ያፈቅራል፤ ዘመቻው ናቅፋ ተራራ ላይ ሲሰናከል እሱም አብሮ ያበቃለታል። «ኦሮማይ» ከጣሊያንኛ ተወስዶ አሥመራ ላይ የሚነገር ቃል ነው፤ አበቃ፣ አከተመ እንደማለት።

መጽሐፉ የወጣ ሰሞን በቢሮአችን ከምሳ በኋላ አንድ ሥራ ብቻ ነበር የሚሠራው ብል አላጋነንኩም። አንዱ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣል፤ በር ይዘጋል፤ ከዚያ «ይሄኛው እኮ እገሌ ነው»፣ «የለም፣ እገሌ እንዲህ ቁመተ ረጅም አይደለም» እየተባለ ባለሥልጣኑ ሁሉ በልብ ወለድ ስሙ ሲታደል ይውላል። እንደ ጨዋታ ነበር የያዝነው። አንድ ቀን አንድ ባልደረባችን የገጸ ባሕርያቱን ስም በግራ፣ የሰዎቹን ስም በቀኝ አድርጎ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ አስነበበን፤ ስንሥቅ አንድ ሌላ ሰው፣ የማይሥቅ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ባለ ወረቀቱ ሰውዬ ለብዙ ሳምንት ምሳውን ሲበላ አላየሁትም። ምንም አልደረሰበትም፤ ግን እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጽሐፍ ኅዳግ ላይ ስም ጽፌ አላውቅም።

መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ቮልስዋገኗ ከከተማ ወጣ ብላ ቆማ ተገኘች፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ መቃብርም የለውም። ከመጽሐፉ የተነሣ ነው ብሎ የማያምን ሰው በእኔ ዘመን ሰዎች መካከል አላጋጠመኝም። በዚያ መጽሐፍ ላይ ራሳቸውን ያገኙ ሰዎች አንባቢዎች ብቻ አልነበሩምና።

ስለዚህ ልጄ ብራና፣ ያንን በላጲስ የጠፋ ስም እንደ እንቆቅልሽ አትየው። ከ1966 በኋላ «ሥርዓቱ ይፈርሳል» ከሚል ሰው አጠገብ የጎረቤቱን ስም ጽፎ መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ የማይቻልበት ዘመን ነበር። የፊታውራሪው ስም ባለበት የቀረውም ለዚህ ይሆናል፤ ያኔ ግራዝማቾቹን የሚፈራ አልነበረም።

ውቤ በረሃ

ጋሽ ጡረተኛ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በዓሉን ካነሡ አይቀር የ«ደራሲው»ን ነገር ማለፍ አይቻልም። በ1972 ዓ.ም. የወጣው ይህ መጽሐፍ ሲራክ የሚባል፣ ጽሑፍና መጠጥ ሕይወቱን የሚሻሙበት ደራሲ ታሪክ ነው፤ የሲራክ መነሻ የበዓሉ ወዳጅ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር መሆኑ በሥነ ጽሑፍ ሰፈር የታወቀ ነገር ነው። እዚህ ላይ ጥያቄያችሁ ይገለበጣል። ደራሲው ገጸ ባሕርዩ ውስጥ አለ ወይ የሚለው ቀርቶ፣ በሕይወት ያለ ደራሲ የሌላ ደራሲ ገጸ ባሕርይ ሆኖ እንዴት ይኖራል የሚለው ይመጣል። ስብሐት እስከ የካቲት 2004 ዓ.ም. ኖሯል፤ ይህም ማለት ሲራክን ይዞ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሯል ማለት ነው። ከእሱ ጋር ማኪያቶ የጠጣ ወጣት ሁሉ ግማሹን ጊዜ የሚያየው ሲራክን ነበር፤ እኔም ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ነበርኩና አፍሬበታለሁ።

እጣቸው የተለያየ መሆኑ ደግሞ ይገርማል። በመጽሐፍ ውስጥ የገባው አርጅቶ፣ ተጨዋውቶ፣ የልጅ ልጅ በሚሆኑ አንባቢዎች ተከብቦ ኖረ። ያስገባው ጠፋ። አሁን የበዓሉን የመጨረሻ ምሽት የማይተርክ የለም፤ አንዱ ስልክ ተደውሎለት ነው ይላል፣ አንዱ ሌላ ይላል፤ እያንዳንዱ ተራኪ አንድ መስመር ይጨምርበታል። ገጸ ባሕርይ ማለት ይኸው ነው።

ወለላ

እስከ አሁን የጻፋችሁት ሁሉ ወንዶች መሆናችሁን የእጅ ጽሑፋችሁ ባይናገርም ፍለጋችሁ ይናገራል። ሀዲስን በበዛብህ ውስጥ ፈለጋችሁ፣ በጉዱ ካሳ ውስጥ ፈለጋችሁ፣ አንዳችሁ በ«ሀ» ፊደል ውስጥ ፈለጋችሁ። ሰብለ ወንጌል ማን ናት ብሎ የጠየቀ አንድም የለም።

እኔ ሰብለን ያገኘኋት በመጽሐፍ አይደለም። እናቴ ሬዲዮ ከፍታ፣ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርካት ነው የሰማኋት። ወጋየሁ ጉዱ ካሳን ሲሆን ድምፁ ሌላ ነው፤ ፊታውራሪን ሲሆን ሌላ ነው፤ ሰብለን ሲሆን ግን ድምፁን አያቀጥንም ነበር፤ ብቻ ዝግ ይል ነበር። እናቴ ያኔ እጇ ላይ ያለውን ሥራ ታቆማለች። ሊጥ ከሆነ እጇ ከቡሃቃው ሳይወጣ ይቆያል።

አሁን አስቡት። ሰብለ አባቷ የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ በዘር እየመዘነ እየመለሰባት ያለ ዕድሜዋ የቆመች ልጅ ናት። በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ሲሸሽ እሷም በኋላ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ የባላባት ልጅነቷን ጥላ፣ በእግሯ አባይን ለመሻገር ትወጣለች። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከንግግር ወደ ተግባር የተሻገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ገበሬዎቹን አስተባብሮ ፊታውራሪን የማረከው አበጀ በለው፣ አንዷ እሷ። ጉዱ ካሳ ስለ ሥርዓቱ መፍረስ ይናገራል፤ የፊታውራሪን ቤት ከውስጥ ያፈረሰችው ግን ልጅቷ ናት።

ይህች ከየት መጣች? የደራሲው ሕይወት ውስጥ ብትፈልጓት አታገኟትም፤ እኔ ግን ከሌላ ቦታ አግኝቻታለሁ ብዬ አስባለሁ። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» አስታውሱ፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን። ጦብያ መንትያ ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትወጣ የወንድ ልጅ ልብስ ለብሳ ነው። ወንድ መስላ ከመታየቷ የተነሣ አንዲት ልጃገረድ እስክትወዳት ድረስ። እንግዲህ የአማርኛ ልብ ወለድ የመጀመሪያዋ ጀግና ልብሷን ለውጣ የጠፋ ሰው ፍለጋ መንገድ ትወጣለች፤ ከ58 ዓመት በኋላ ሰብለም ልብሷን ለውጣ የጠፋ ሰው ፍለጋ መንገድ ትወጣለች። ጦብያ ያገኘችው ደኅና ነው፤ ሰብለ ያገኘችው ሊሞት በተቃረበበት አልጋ ላይ ነው፤ እዚያው ትዳር መሥርተው እዚያው ትቀብረዋለች።

እኔ የምለው ገጸ ባሕርያት ሁሉ ከሰው አይወለዱም። ከገጸ ባሕርይ የሚወለዱም አሉ። ሰብለ የጦብያ ልጅ ናት፤ አባቷን ፊታውራሪ መሸሻን ለዚህ ነው ያን ያህል የማትመስለው።

የአብማ ልጅ

እኅቴ ወለላ፣ ተሸንፌያለሁ፤ ግን የዘር ሐረጉን አንድ ትውልድ ወደ ላይ ላሳድግልሽ። ደራሲው በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ስለነበሩ ስንክሳር ሲነበብ ጆሯቸው ውስጥ አድሯል። ስንክሳር ውስጥ የወንድ መነኩሴ ልብስ ለብሰው፣ ስማቸውን ለውጠው፣ በገዳም ኖረው ሴትነታቸው ሲሞቱ ብቻ የታወቀ ቅዱሳት ታሪክ አለ፤ የማሪና ታሪክ ከእነርሱ አንዱ ነው። ሰብለ የወታደር ወይም የነጋዴ ልብስ ልትለብስ ትችል ነበር። የመነኩሴ ልብስ የለበሰችው በጎጃም መንገድ ላይ ማንም የማይነካው ልብስ እሱ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። መጨረሻዋም ምንኩስና ነውና፣ ለማስመሰል የለበሰችው ልብስ ቆይቶ የእውነት ልብሷ ሆነ።

አያቴ ይህን መጽሐፍ አላነበቡትም፤ ልብ ወለድ ማለት ውሸት ማለት ነው ይሉ ነበር። የማሪናን ታሪክ ግን ሲነግሩን ያለቅሱ ነበር።

መቅረዝ

ወለላ የጻፈችው የእኔን ሐሳብ ከእኔ አሻሽሎ ስለሚናገር ብዙ አልጨምርም። ደራሲው ራሱን ጻፈ ከማለት ይልቅ ያነበበውንና የሰማውን ጻፈ ማለት ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ፦ ጋሽ ጡረተኛ ያሉት ትክክል ከሆነና ሀዲስ ነገሩን ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ገፍተው መጻፋቸው ከጥንቃቄ የመጣ ከሆነ፣ ጥንቃቄው ሠርቶላቸዋል። እስከ ኅዳር 1996 ዓ.ም. ኖሩ፤ በአልጋቸው ላይ ሞቱ። በዓሉ ያንን ርቀት አልፈለገውም። ከሁለቱ የትኛው የተሻለ ደራሲ ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እኔ «ኦሮማይ»ን በአንድ ሌሊት ነው የጨረስኩት፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን በየሁለት ዓመቱ እመለስበታለሁ።

ብራና

ትናንት ማታ የጋሽ ጡረተኛን መልስ ካነበብኩ በኋላ የጉዱ ካሳን ገጽ አምፖል ሥር ይዤ በአግድም ላየው ሞከርኩ። የእርሳሱ ጎድጓዳ መስመር በብርሃን ጥላ ይሠራል፤ ምናልባት የመጀመሪያዋን ፊደል መለየት ይቻል ነበር። ግን ጋሽ ጡረተኛ ስለዚያ ታጥፎ ኪስ ስለገባ ወረቀት የጻፉት ትዝ ሲለኝ ገጹን ገልብጬ ተውኩት። ያ ሰው አጥፍቶታል፤ ይጥፋ።

ከዚያ የወለላን ቃል ይዤ ሰብለ የምትገኝባቸውን ገጾች አንድ በአንድ አየሁ። ስም የለም። ፊደል መቁጠር በምትጀምርበት የለም፤ አባቷ ጠያቂዎቿን በሚመልስበት የለም፤ ፊታውራሪን በሦስት ሰው የመዘነ አንባቢ ለልጅቱ አንድም የሚያመሳስላት ሰው አላገኘም። የመነኩሴ ልብስ ለብሳ የምትወጣበት ገጽ ግን ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነው። የታችኛው ጥግ በአውራ ጣት ወዝ ጠቁሮ እንደ ጨርቅ ለስልሷል፤ አንድ ቦታ ላይ ተቀድዶ በሩዝ ሙጫ ይመስላል በሌላ ወረቀት ተለጥፏል። የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያልታተሙትን ቃላት ሰውየው በራሱ እጅ፣ በቀለም፣ ጽፎ ሞልቷቸዋል።